ከዜሮ በፊት ስንት ሰከንድ?

ኅዳር ሲጋመስ አርሲ ውስጥ ዲክሲስ ላይ ገብሱ ነጥቶ ኮምባይነር ይጠብቃል። ማሽኑ ማሳ ሲገባ ከሩቅ የሚታየው ከፊት የሚሽከረከረው ማጨጃና ከኋላ የሚተፋው ገለባ ነው። የእህሉን ዕጣ የሚወስነው ግን በኦፕሬተሩ ፊት፣ አቧራ በጠጣው ፓነል ላይ በቀይ ብርሃን የቆመ አንድ ቁጥር ነው፤ የመውቂያው ከበሮ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር። ስለዚህ ቁጥርና አሳምሮ ስለሚያስተካክለው እጅ መጻፍ ከፈለግሁ ቆይቻለሁ። በፋብሪካም በማሳም ካየኋቸው ጥንቁቅ ሥራዎች መካከል ይህን ያህል ዓይን የማይገባ፣ ይህን ያህልም ኃላፊነት የተሸከመ አላጋጠመኝም።

በአርሲ ደጋ ስንዴና የቢራ ገብስ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። አንድ ኮምባይነር ጠዋት ስንዴ ሲያጭድ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ገብስ ሊሻገር ይችላል። የሚከፈለው በኩንታል ስለሆነ ሁሉም ይቸኩላል፤ ባለማሽኑም፣ ተራ የሚጠብቀው ገበሬም፣ ያለጊዜው ዝናብ ያሰጋው ጎረቤትም። ከበሮው ግን ለሁለቱ እህሎች እኩል መዞር የለበትም። ከዳር እስከ ዳር 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከበሮ በደቂቃ 1100 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ እህሉን የሚመታው በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ወደ 900 ሲወርድ ምቱ ወደ 76 ኪሎ ሜትር ይለዝባል። ተፈጭቶ ዱቄት ለሚሆን ስንዴ የመጀመሪያው ምት ያን ያህል አያስከፋም። የቢራ ገብስ ግን የሚሸጠው ነፍስ ስላለው ነው። ብቅል ፋብሪካ ገብቶ ይዘፈዘፋል፣ ይጎነቁላል፣ ከዚያ በሞቀ አየር ይደርቃል። ከበሮው ቆዳውን የላጠው ወይም ሽሉን የመታው ፍሬ አይጎነቁልም፤ ውሃ ጠጥቶ ይሻግትና ጤነኛውንም ጎረቤቱን ይበክላል። ብቅል ፋብሪካዎች ከመቶ ፍሬ 95ና ከዚያ በላይ እንዲበቅል የሚጠይቁት በዚህ የተነሳ ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ ገብሱን ለብቅል ከመዘፍዘፋቸው በፊት ስባሪውን ለቅመው የሚያወጡት ለዚሁ ነው።

አካባቢው ለማሽንም ለገብስም እንግዳ አይደለም። ካዱ ይባል የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በስዊድን እርዳታ በ1967 እ.ኤ.አ. አሰላ ላይ ሲጀመር የተሻሻለ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ለገበሬው ማድረስ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል በስንዴ ስሙ የገነነ ነው። በአሰላ የብቅል ፋብሪካው ቆሟል፤ ሆልከር፣ ሳቢኒ፣ ትራቭለር የሚባሉት የቢራ ገብስ ዝርያዎችም ለገበሬው የቤት ስም ሆነዋል። ዘር አርቢው ዓመታት ፈጅቶ ያወጣውን ዝርያ፣ ገበሬው ስድስት ወር ያህል የደከመበትን ማሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማበላሸት የሚችል ነገር ቢኖር በስንዴ ፍጥነት ገብስ የሚወቃ ከበሮ ነው።

የድሮ ኦፕሬተሮች ከበሮውን በጆሮ ያውቁታል። ጭነት ሲበዛበት ድምፁ ሲወፍር፣ ባዶ ሲሆን ሲቀጥን ይሰማቸዋል። ይህን ችሎታ አከብረዋለሁ፤ ከበሮው ሊታፈን ሲል ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ የሚነግራቸው ጆሯቸው ነው። ጆሮ ግን ለውጥን እንጂ መጠንን አይናገርም። 900 እና 980 አንድ ላይ ካልተሰሙ በጆሮ አይለዩም፤ ለገብሱ ፍሬ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እዚህ ላይ ነው ቁጥር የሚያስፈልገው።

አሮጌ ኮምባይነር ላይ ፋብሪካው የገጠመው የዙር መለኪያ ሲሞት በቦታው ለፋብሪካ ሥራ የተሠራ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል። የአሜሪካው ሬድ ላየን፣ የጃፓኑ ኦምሮን፣ የኮሪያው አውቶኒክስ የሚሠሯቸው ብዙ ቆጣሪዎች ፊታቸው አንድ ልክ አለው፤ 96 በ48 ሚሊ ሜትር። ፓነሉ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ 92 በ45 ነው። ከመኪና ባትሪ ኃይል የሚወስዱ ዓይነቶችም አሉ። ቆጣሪነቱ ቀላሉ ሥራቸው ነው፤ ከሴንሰር ፐልስ፣ ማለትም አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ሲመጣ አንድ ይጨምራሉ። አሜሪካዊው ከርቲስ ቪደር በ1895 እ.ኤ.አ. የብስክሌት ጎማ ዙር የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ መቁጠር ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ፍጥነትን ማሳየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፍጥነት ቁጥርን ለጊዜ ማካፈል ነው፤ የትኛው ጊዜ፣ ከየት እስከ የት፣ ፐልስ ሲቀር እስከ መቼ ይጠበቅ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመጡት ከማካፈሉ ነው። ቴክኒሻኑ በፊት ለፊት ቁልፎቹ የሚመልሳቸውም እነዚህን ጥያቄዎች ነው።

አሰላ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ግቢ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ሲገጠም ቆሜ አይቻለሁ። ባለሙያው ቆጣሪውን ከካርቶኑ እንኳ ሳያወጣ ከሰዓት በፊት የነበረውን ጊዜ ያሳለፈው ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ሴንሰሩን የት እንደሚያስር እየፈለገ ነበር። ቀላሉ ቦታ ከውጭ፣ ቁመህ በምትደርስበት ከፍታ ላይ ያለው መካከለኛ ሻፍት ነው። ከዚያ ሻፍት ወደ ከበሮው ኃይል የሚያሻግረው ቺንጋ ነው፤ የሁለቱን ፑሌጃዎች ስፋት ለክቶ በሒሳብ የከበሮውን ዙር ማግኘት ይቻላል። እሱ ግን ይህን ቦታ አየት አድርጎ አለፈው። ቺንጋ ጭነት ሲበዛበት ይንሸራተታል፤ ሻፍቱ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ከበሮው ሊዘገይ ይችላል። ቁጥሩ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ ያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ተኝቶ ገብቶ፣ የዓመታት ገለባና ግራሶ ጠርጎ፣ ሴንሰሩን ከራሱ ከከበሮው ሻፍት ጫፍ አጠገብ አሰረው። መለካት ያለበት ነገር ሩቅና ቆሻሻ ቦታ ቢሆንም እዚያው ድረስ መሄድን የመሰለ የሙያ ምልክት የለም።

ከበሮው ጫፍ ላይ ያለው ፑሌጃ አራት ቡሎኖች አሉት። ሴንሰሩ ብረት በፊቱ ባለፈ ቁጥር አንድ ፐልስ ይሰጣል፤ አራት ቡሎን ማለት በአንድ ዙር አራት ፐልስ ነው። ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደው ዓይነት ብረትን ከ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ያያል። ባለሙያው ግን 3 ላይ አስቀመጠው። 5 ላይ ቢያስቀምጠው ዛሬ ይሠራል፤ ነገ ኩሽኔታው ትንሽ ሲለቅና ፑሌጃው ሲወዛወዝ አንዱን ቡሎን ይስታል። 1 ላይ ቢያስቀምጠው ደግሞ በዚያው መወዛወዝ ቡሎኑ የሴንሰሩን ፊት ይገጨዋል። ሁለቱን ዳዶዎች ግራና ቀኝ ካጠበቀ በኋላ ፑሌጃውን በእጁ በቀስታ አዞረ፤ በሴንሰሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ መብራት በአንድ ዙር አራት ጊዜ በራች። ደግሞ አዞረ፤ አሁንም አራት። ቡናማው ሽቦ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ወደ ኔጋቲቭ፣ ምልክት የሚያመጣው ጥቁሩ ወደ ቆጣሪው ገባ። ሽቦውን ከሞተሩ ወፍራም ገመዶች አርቆ፣ በየስንዝሩ አስሮ፣ በር በሚከፈትበት ቦታ ላይ እንዳይሳብ ትርፍ ትቶለት ነው ወደ ካቢን ያወጣው።

ከዚያ በኋላ ነው ቆጣሪው ፊት የተቀመጠው።

መጀመሪያ ያጠፋው ማጣሪያውን ነበር። እንዲህ ያሉ ቆጣሪዎች በእጅ ወይም በክንድ ለሚነካ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሆን ማጣሪያ አላቸው። የብረት ንክኪ ሲዘጋ ይንቀጠቀጥና አንዱን እንደ ሦስትና አራት ያስቆጥራል፤ ማጣሪያው በሰከንድ ከ50 በላይ የሆነውን ፐልስ እየዋጠ ይህን ያስቀራል። ከበሮው በ900 ሲዞር ግን በአራት ቡሎን በሰከንድ 60 ፐልስ ይመጣል። ማጣሪያው ቢቀር ትክክለኛውን ፐልስ እንደ ስህተት ይውጠዋል፤ መስኮቱ ላይ የሚቆመውም እውነት የሚመስል ውሸት ይሆናል። በብርሃን ወይም በመግነጢስ የሚያይ ሴንሰር እንደ ብረት ንክኪ ስለማይንቀጠቀጥ ማጣሪያው አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ያለው ልብ የሚያስደስተኝ ክፍል ነው። ፍጥነትን ለማግኘት የሚቀናው መንገድ አንድ ሰከንድ መክፈት፣ በውስጡ የገባውን ፐልስ መቁጠር፣ ማባዛት ነው። ከበሮው በደቂቃ በትክክል 907 ጊዜ ይዞራል እንበል። በሰከንድ የሚመጣው 60 ከግማሽ ያህል ፐልስ ነው። ግማሽ ፐልስ የሚባል ነገር ስለሌለ መሣሪያው አንዴ 60፣ አንዴ 61 ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ፐልስ በደቂቃ 15 ዙር ስለሆነ መስኮቱ 900፣ 915፣ 900፣ 915 እያለ ይዘላል። ከበሮው ግን ንቅንቅ አላለም። መሣሪያው ራሱ የፈጠረው ሁከት ነው።

ጥሩ ቆጣሪ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሰዓቱን የሚጀምረው ፐልስ ሲመጣ ነው። የተባለው ሰከንድ ሲያልቅ ወዲያው አይዘጋም፤ የሚቀጥለውን ፐልስ ይጠብቃል። ፐልሱ ሲመጣ ያኔ ሰዓቱን ያቆማል። ስለዚህ በእጁ ያለው ሙሉ 61 ፐልስና የፈጀው ትክክለኛ ጊዜ፣ 1.0088 ሰከንድ ነው። 61ን ለዚያ ሲያካፍልና ለአራት ቡሎን ሲያስተካክል 907 ይወጣዋል። በሚቀጥለው ጊዜም 907፣ ከዚያም 907። ሙሉ ባልሆነ ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ፐልሶችን መያዝ፤ የዚህ መሣሪያ ውበት እዚህች ላይ ነው። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ማን እንደሆነ ኦፕሬተሩ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም፤ ቁጥሩ ሳይዘል ሲቆም ግን ያ ሰው ያደረገለትን ያያል።

ቴክኒሻኑ የሚሞላው የመጀመሪያው ጊዜ እንግዲህ ይህ ነው፤ ቢያንስ ስንት ሰከንድ ሰብስቤ ልናገር የሚለው። ሲያጥር ቁጥሩ ንቁ ይሆናል፤ ሲረዝም የረጋ ይሆናል። እዚህ ላይ የቡሎኖቹ ነገር ተመልሶ ይመጣል። አራቱ ቡሎኖች ልክ በ90 ዲግሪ ላይ አይደሉም፤ ቀዳዳውን የበሳው ሰው እጅ በአንዱ 2 ዲግሪ ሳተ እንበል። መሰብሰቢያው አንድ ሰከንድ ከሆነ ከበሮው ከ15 ጊዜ በላይ ስለሚዞር ስህተቱ ተበትኖ ከግማሽ ዙር በታች ይሆናል፤ መስኮቱ ላይ አይታይም። አንድ አሥረኛ ሰከንድ ከሆነ ግን ከበሮው ሁለት ዙር እንኳ አይሞላም፤ ያቺ 2 ዲግሪ ወደ 3 ዙር ገደማ ሆና ቁጥሩን ስታወዛውዝ ትውላለች። ኦፕሬተሩ ከበሮው የሚንቀጠቀጥ ይመስለዋል፤ የሚያየው ግን የቀዳዳ በሺውን እጅ ነው። ባለሙያው ግማሽ ሰከንድ ላይ አቆመው። ከበሮው መታፈን ሲጀምር ቁጥሩ ቶሎ እንዲወርድ፣ የቡሎኑም ጉድለት እንዲደበቅ። በቀመር የተገኘ ግማሽ ሰከንድ አይደለም፤ ማሽኑን አስነስቶ፣ ቁጥሩን እያየ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያገኘው ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ይበልጥ ጥልቅ ነው። ፐልስ ቢቀርስ? የሚቀጥለውን ፐልስ የሚጠብቅ መሣሪያ ማሽኑ ከቆመ ለዘላለም ይጠብቃል፤ መስኮቱም የመጨረሻውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። የቆመ ከበሮ 900 ይላል ማለት ነው፤ እጁን የሚያስገባ ሰው ላይ የሚያመጣውን አስቡት። ስለዚህ የመጨረሻ ገደብ ይሰጠዋል፤ እስከዚህ ድረስ ፐልስ ካልመጣ ዜሮ በል ይባላል። ለከበሮው 2 ሰከንድ ይበቃል። በ2 ሰከንድ ውስጥ አንድ ፐልስ እንኳ የማይሰጥ ከበሮ በደቂቃ 8 ጊዜ የማይዞር፣ ሊቆም የተቃረበ ከበሮ ነው።

ይኸው ሁለት ሰከንድ ሌላ ቦታ ሲሄድ ግን ጉድ ይሠራል። ብቅል ወይም ዱቄት የሚያሸግ መስመር ውሰዱ። 50 ኪሎ የሚይዘው ጆንያ ይሞላል፣ አፉ ይሰፋል፣ በተሸካሚው ላይ ተንሸራትቶ በብርሃን ሴንሰሩ ፊት ያልፋል። በደቂቃ 6 ጆንያ ደህና ሥራ ነው፤ በሁለቱ ጆንያዎች መካከል 10 ሰከንድ አለ። ቆጣሪው እንደመጣ፣ በ2 ሰከንድ ገደብ ከተተወ የመጀመሪያውን ጆንያ አይቶ 2 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጥና ዜሮ ይላል። የሚቀጥለው ሲመጣም እንዲሁ። ሠራተኞቹ ላባቸውን እያንጠፈጠፉ መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ዜሮ ይላል። የሚያሳዝነው ማንም መሣሪያው ተበላሸ ብሎ አይናገርም፤ ዝም ብሎ አያየውም። አንድ ጊዜ የተናቀ ቁጥር ደግሞ በኋላ ቢስተካከልም ዓይን መልሶ አይጠራም።

ሥራ አዋቂ ቴክኒሻን እዚህ ላይ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት አለቃውን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መስመራችሁ እየሠራ ነው የምትሉት እስከ ስንት ሲዘገይ ነው? መልሱ በደቂቃ 3 ጆንያ ከሆነ በመካከል 20 ሰከንድ አለ፤ ገደቡ 20 ላይ ይቀመጣል። የመስፊያው ክር ተበጥሶ ሠራተኛዋ ስትቀጥል የምታጠፋት ጊዜ በዚያ ውስጥ ከገባች ቁጥሩ አያሳጣትም፤ ከዚያ በላይ ከቆየ እውነትም ቆመናል ማለት ነው። ዋጋው ግልጽ ነው፤ መስመሩ ድንገት ቢቆም መስኮቱ እስከ 20 ሰከንድ ድረስ የድሮውን እየተናገረ ይቆያል። ከዚህ ማምለጫ የለም። ትዕግሥት የጨመርክለት መሣሪያ መርዶ ለመናገር ይዘገያል። አንዳንድ አዳዲስ መሣሪያዎች ይህንን በብልሃት ያቃልሉታል፤ ፐልስ ሲዘገይባቸው ቁጥሩን ሳይቆርጡ ቀስ በቀስ ያወርዱታል። 12 ሰከንድ ያለ ጆንያ ካለፈ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ5 ሊበልጥ እንደማይችል የታወቀ ነውና 5 ይላሉ፤ 15 ሲሞላ 4 ይላሉ። ባለማወቅና በማወቅ መካከል ያለውን ደረጃ የሚያውቅ አሠራር ነው፤ በጣም እወደዋለሁ።

የጆንያ መስመር ሌላም ችግር አለው። ሰው የሚሞላው ጆንያ እንደ ከበሮ ወጥ አይደለም፤ አንዱ በ8 ሰከንድ ሌላው በ12 ይመጣል። መሰብሰቢያው አንድ ሰከንድ ከሆነ እያንዳንዱ ጆንያ የራሱን ፍጥነት ይናገራል፤ 7.5፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ ሌላ። ለማርጋት መሰብሰቢያውን ወደ 30 ሰከንድ ማሳደግ ይቻላል፤ ያኔ ሦስት አራት ጆንያ አንድ ላይ ይታሰባል። የዜሮው ገደብ ግን ምንጊዜም ከመሰብሰቢያው መብለጥ አለበትና እሱም ወደ 45 ይገፋል። አንዱን ስትጎትት ሌላው ይከተላል። እኔን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ለእንዲህ ያለ ቀርፋፋ መስመር ትልቁን መስኮት ለድምሩ ሰጥቶ ፍጥነቱን በሁለተኛ ገጽ ማስቀመጥ ይሻላል እላለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጆንያ ወጣ የሚለው ለሠራተኛውም ለአለቃውም የሚገባ ቁጥር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም ቆጣሪው ድምሩን አይረሳም።

ወደ ኮምባይነሩ ልመለስ። ፐልሱን ወደ ዙር መለወጥ የቀረ ሥራ ነው። አንዳንድ ቆጣሪ ማባዣውን በነጥብ ቁጥር እንድትሞላ ይጠይቃል፤ ሌላው ሁለት ቁጥር ብቻ ይፈልጋል፤ በሰከንድ ይህን ያህል ፐልስ ሲገባ ይህን አሳይ። 60 ሲገባ 900 አሳይ። ሁለተኛውን ባለሙያው መረጠ፤ እኔም ብሆን እመርጣለሁ። ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ከፍቶ 15.000 የሚል ማባዣ ቢያገኝ ከየት እንደመጣ መገመት አለበት። 60 እና 900 ካገኘ ግን አራት ቡሎን እንዳለ ራሱ አካፍሎ ይደርስበታል።

ቁጥሩ ስንት አኃዝ ይኑረው በሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሣሪያው 907.3 ማለት ይችላል። የሚችለውን ሁሉ እንዲናገር መፍቀድ ግን ደግነት አይደለም። በሚንቀጠቀጥ ካቢን ውስጥ፣ በአቧራ መካከል፣ አንድ ዓይኑ ማጨጃው ላይ ያለ ሰው ያቺን የነጥብ ሦስት ምን ያደርግባታል? ከበሮውን ሲያስተካክልም በ50 ዙር ገደማ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ባለሙያው ነጥቡን አጠፋ፤ የመጨረሻውን አኃዝም በአሥር በአሥር እንዲሄድ አደረገው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ 910 ይላል፣ ይቆማል። ትንሽ ሲወርድ 900 ይላል፣ ይቆማል። ኦፕሬተሩ አንዴ ገልመጥ ብሎ ወደ ማሳው ይመለሳል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነበር፤ ከአሥር ዙር በታች ያለውን እውነት ሆን ብሎ መተው የቴክኒሻኑ ውሳኔ ነው፤ በእርሱም ይታወቃል።

ማስጠንቀቂያው ሁለት ነበር። ገብስ ላይ ከበሮው ከ950 ካለፈ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ከስንዴ ሲመጣ ፍጥነቱን መቀነስ የረሳ ኦፕሬተር ማሳው ጥግ ላይ ሳለ ያየዋል። ከ750 ከወረደ ደግሞ ጥሩምባ ይጮኻል፤ ከበሮው ሊታፈን ነው። የባለሙያነት ሥራ ያለው በዝርዝሩ ነው። በ750 የጮኸው ጥሩምባ በ751 ዝም ካለ ድንበሩ ላይ ሲጮህ ሲያቆም ይውላል፤ ስለዚህ 790 እስኪደርስ ዝም እንዳይል ተደረገ። ማሽኑ ሲነሳ ከበሮው ከዜሮ ስለሚጀምር ጥሩምባው ገና ከመጀመሪያው እንዳይጮኽ፣ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከድንበሩ እስኪያልፍ ድረስ እንዲታገሥም ተነገረው። በየጠዋቱ ያለምክንያት የሚጮኽ ጥሩምባ በሳምንቱ ሽቦው ይቆረጣል፤ ይህን የማያውቅ የማሽን ሰው የለም።

ሲጨርስ ለቃሉ ማረጋገጫ ፈለገ። በፑሌጃው ፊት ላይ ብርሃን የሚመልስ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፈ፤ በእጅ የሚያዘውን የዙር መለኪያ አነጣጠረ። በ900 አካባቢ አነጻጸረ። ከዚያ ፍጥነቱን ወደ 1100 አስነስቶ ደግሞ አነጻጸረ፤ በአንድ ነጥብ ላይ መስማማት በአጋጣሚም ይሆናል፣ በሁለት ነጥብ ግን ሴንሰሩ በከፍተኛ ፍጥነት ቡሎን አለመሳቱ ይታያል። ሁለቱ መሣሪያዎች ተስማሙ። ቁልፎቹን በሚስጥር ቁጥር ቆለፈ፤ ኦፕሬተሩ ማየት የሚችለው ፍጥነቱንና የማስጠንቀቂያውን ድንበር ብቻ ነው። ድንበሩን ለመቀየር ፈቃድ ሰጥቶታል፤ ስንዴና ገብስ የሚለየው እሱ ነውና።

በመጨረሻ ከፓነሉ በር ጀርባ ወፍራም ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኖ ለጠፈ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፤ አራት ቡሎን፣ ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር፣ ማጣሪያ የጠፋ፣ 60 ሲገባ 900፣ መሰብሰቢያ ግማሽ ሰከንድ፣ ዜሮ በ2 ሰከንድ፣ አኃዝ በአሥር በአሥር፣ ለገብስ ላይኛው ድንበር 950፣ ለስንዴ 1150፣ ለሁለቱም ታችኛው 750። ከሥሩ ቀኑንና በምን መለኪያ እንዳመሳከረ ጻፈ። ከዚያም ለሚቀጥለው ሰው፤ ፑሌጃው ተቀይሮ የቡሎኑ ብዛት ከተለየ ከላይ ያለው 60 አይሠራም፣ ቡሎኑን ቆጥረህ በ15 አባዛው የሚል ጨመረ። 900 ዙር በደቂቃ ማለት 15 ዙር በሰከንድ ነውና፣ ስድስት ቡሎን ያገኘ ሰው 90 ይጽፋል፤ ያለ ሒሳብ መኪና፣ ማሳው ዳር ቆሞ።